ለፒክአፕ የመጠባበቂያ ነዳጅ ጀሪካን መያዣ፦ በርካሽ የትኛውን እናሠራ?

20 ሊትር ናፍጣ የሞላ የብረት ጀሪካን 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ናፍጣው ብቻውን ወደ 17 ኪሎ ነው፣ ቀሪው የጀሪካኑ ብረት ነው። ቤንዚን ከሆነ ትንሽ ይቀላል፤ ከነጀሪካኑ 19 በሉት። ቁጥሩን ከላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ፒክአፕ ላይ መያዣ ልናሠራ ስንነሳ ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው "ስንት ይፈጃል?" ብለን ነው። "ፍሬን ስይዝ ይሄ 21 ኪሎ ወዴት ይሄዳል?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ወደ ደሴ ስንወጣ ጀሪካኑን ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ጥግ አቁሜ በካላማዳሪ፣ ማለትም ከጎማ ውስጥ በሚወጣው ላስቲክ፣ ጠፍሬ አሰርኩት። ካላማዳሪ ሲያስሩበት ደስ ይላል። ይሳባል፣ ይጠብቃል፣ ቋጠሮውም አይፈታም። ችግሩ ያው መሳቡ ነው። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ የጭነት መኪና ፊቴ ድንገት ቆመ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ከኋላ የሆነ ነገር "ጓ" አለ። ደብረ ሲና ደርሰን ወርጄ አየሁት። ላስቲኩ አልተበጠሰም። ተለጥጦ ጀሪካኑን አሳልፎ፣ እሱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጀሪካኑ በጎኑ ተጋድሞ ከክዳኑ ሥር ጠብ ጠብ ይላል፤ እናቴ ስታጥብ፣ ስታሰጣና ስታስፈጭ የከረመችው የሠርጉ በርበሬ ማዳበሪያው ከታች ጀምሮ ጠቁሯል። እፍኝ አንስቼ አሸተትኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ ዝም ብላ ማዳበሪያውን አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን የምር የያዝኩት። አንዳንዱን ዓይነት መያዣ ራሴ አሠርቼ ሞከርኩ፣ አንዳንዱን ሰዎች መኪና ላይ ተገጥሞ ወርጄ፣ ነካክቼ፣ ጠይቄ አየሁ። የምጽፈው ያንን ነው። ዋጋውን በብር አልጽፍም። የብረት ዋጋ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ስለማይሆን በኪሎ ብረትና በበያጅ ሰዓት ብናወራ ይሻላል፤ ያኔ በሄዳችሁበት ቀን ዋጋ አባዝታችሁ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ጀሪካኑ ራሱ

መያዣ የሚሠራው ለጀሪካኑ ልክ ነው፤ ስለዚህ ጀሪካኑን ሳትመርጡ ብየዳ ቤት አትሂዱ። ምርጫችሁ በብዛት ሁለት ነው፦ የብረቱ ባለ 20 ሊትር፣ ወይም ቤታችን ሁሉ ለውኃ የምንጠቀምበት ቢጫው የዘይት ጀሪካን።

ቢጫው ርካሽ ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ በነጻ ተቀምጧል። ግን የተሠራው ለምግብ ዘይት ነው። ቤንዚን ፈጽሞ አታስገቡበት። ለናፍጣም ቢሆን አልመክርም፣ ምክንያቱም ክዳኑ ቆሞ ሲሄድ ይዞ ሲጋደም ያፈሳል፣ ልኩም እንደመጣበት ዘይት ስለሚለያይ ለአንዱ ያሠራችሁት መያዣ ለሌላው ይሰፋል ወይ ይጠባል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ጀሪካኑን እዚህ ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ በጎጃም መንገድ ጎሐ ጽዮንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ታች ያለው ከባዱ አየር የፕላስቲኩን ጎን ወደ ውስጥ ያጨማድደዋል። ከቆላ ሞልታችሁ ሽቅብ ስትመጡ ደግሞ በተቃራኒው ይነፋል። ደጋ ስትደርሱ ክዳኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱት የምላችሁም ለዚህ ነው። በተለይ ቤንዚን ፀሐይ ሲመታው ትነቱ ክዳኑን በኃይል ይገፋዋል።

የብረቱ ጀሪካን ለዚህ ሁሉ ታስቦ የተሠራ ነው። ጀርመኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው ያወጡት ንድፍ ነው፤ እንግሊዞች አይተው ገለበጡት፣ ስሙም ለጀርመን ወታደር ከሰጡት "ጄሪ" ከሚል ቅጽል መጣ፣ እኛም ጀሪካን አልነው። ሦስቱ እጀታዎች ለጌጥ አይደሉም። ባዶ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ጀሪካን አጣምሮ ይይዛል፣ ሙሉ ከሆነ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይሸከመዋል። ለእኛ ሥራ ደግሞ ማሰሪያው የሚያልፈው በእነዚህ እጀታዎች ሥር ነው፣ ወደታች እመለስበታለሁ። ልኩ በግምት ቁመቱ 47፣ ወርዱ 35፣ ውፍረቱ 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እናንተ ግን የራሳችሁን በሜትር ለኩ።

አሮጌ የብረት ጀሪካን ስትገዙ በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። ዝገት ወይም የተላጠ ቀለም ካለ ተዉት፣ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ መኪናችሁ ፊልትሮ ነው። ቀዳዳ ያለውን ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን "ላስበይደው" ብላችሁ ደግሞ አታስቡ። ባዶው ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው።

አሮጌ ጎማ

ከሁሉም የሚረክሰው ይሄ ነው፣ ሰውም ይንቀዋል፣ እኔ ግን አልንቀውም። ባለ 16 ኢንች አሮጌ ጎማ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ 40 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል። የብረቱ ጀሪካን ከጥግ እስከ ጥግ 38.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ጎማውን ካሶኒው ላይ አጋድማችሁ ጀሪካኑን መሐሉ ስታቆሙት ልክ ይገባል። ባለ 15 ኢንቹ ግን ይጠባል፣ ጀሪካኑ ጥጉ ላይ ይነክሳል። የጎማው ወርድ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ የጀሪካኑን የታችኛውን ግማሽ ያህል ያቅፈዋል። ላስቲክ ነው፣ አይጮህም፣ ብረት ከብረት አይፋጭም።

ድክመቱ ጎማውን ራሱን የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ነው። ካሶኒው ባዶ ከሆነ ጎማውም ጀሪካኑም አብረው ይንሸራተታሉ። ጎማውን ጋቢናው ጀርባ ካለው የካሶኒ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ ካሶኒው ላይ ባሉት ማሰሪያ ቀለበቶች በሁለት የጭነት ቺንጋ ወጥሩት፣ ከላይ ጀሪካኑን በሌላ ቺንጋ። እንዲህ ከታሰረ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ሰው ይበቃል። ሌላ ወጪ አያስፈልገውም። ጎማ ጥገና የሚሠሩ ልጆች ጋ ጠይቁ፣ የሚጣል ጎማ አይጠፋም። ቦታ ግን ይበላል፤ ሥራችሁ ጭነት ከሆነ በሳምንቱ ይሰለቻችኋል።

የእንጨት ሳጥን

በአጭሩ፣ አይሆንም። ኮምፔርሳቶም ሆነ ጣውላ የፈሰሰ ናፍጣ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ አይለቅም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ያብጥና ሚስማሩን ይተፋል። አንድ ጎረቤቴ አሠርቶ ነበር፣ በመስከረም አወጣው።

የአንግል ብረት መያዣ

የእኔ ምርጫ ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ረዘም አደርጋለሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ከታች በ30 በ30 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ በሆነ አንግል (የኤል ቅርጽ ያለው ብረት) ጀሪካኑ የሚቆምበት አራት ማዕዘን ይሠራል። ከአራቱ ጥግ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚቆሙ እግሮች ይነሳሉ። አናታቸውን በ3 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያውን ያያይዟቸዋል። አለቀ። ሂሳቡን ብትሠሩት አንግሉ ወደ 2 ሜትር፣ ጠፍጣፋው ከ2 ሜትር ተኩል አይበልጥም። አንግሉ በሜትር 1.36 ኪሎ ነው፣ ጠፍጣፋው ከዚያ ግማሽ ያህል፤ ሁሉም ተደምሮ 5 ኪሎ ብረት አይሞላም። ብረት መሸጫ ሄዳችሁ ሙሉ 6 ሜትር ከገዛችሁ ግን ለሦስት መያዣ የሚሆን ብረት ነው የከፈላችሁበት። ወይ ሁለት ጓደኛ ፈልጉና ተካፈሉ፣ ወይ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ቁርጥራጭ በኪሎ ግዙ።

እኔ ምናለሽ ተራ ነው የሄድኩት። ቁራሌው ሰብስቦ ያመጣው ብረት ሁሉ እዚያ ያልፋል፤ የበርሜል ክዳን ምጣድ ሲሆን፣ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ሲሆን የምታዩበት ሰፈር ነው፣ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም። አንድ ሽማግሌ በያጅ ጀሪካኔን ተቀብለው ሜትር አላወጡም። ሲባጎ አንስተው ወገቡ ላይ አዞሩት፣ ቋጠሩት፣ ቋጠሮውን ብረቱ ላይ አስተኝተው በጠመኔ ጫሩ። ከዚያ "የት ነው የሚገጠመው?" አሉኝ።

"ካሶኒው ወለል ላይ ነው ጋሼ። እዚያው ይበይዱልኝ ብዬ ነው።"

"አልበይድልህም።"

"ለምን ጋሼ?"

"ልጄ፣ አንግሉ አይበጠስም። ብየዳውም አይለቅም። የሚቀደደው ቆርቆሮው ነው።" ተነስተው መኪናዬ ካሶኒ ውስጥ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። "ይሄን ስማው እስቲ።"

እውነታቸውን ነው። የካሶኒ ወለል ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ብዙም አይርቅም። በሌላ በኩል ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተቀረጸበት፣ 13 ቁልፍ የሚያዞረው ባለ 8 ሚሊ ብሎን በጥሶ ለመጣል ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ጥርቅም ሲያደርጉ ጀሪካኑ ወደፊት የሚገፋው ወደ 17 ኪሎ ባለ ኃይል ነው፤ ያንን ማንኛውም ነገር ይይዘዋል። ከባድ ግጭት ግን የዕቃውን ክብደት 20 እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል፣ 21 ኪሎው ከ400 ኪሎ በላይ ሆኖ ይጎትታል ማለት ነው። ያኔ ብሎኑ ምንም አይሆንም። ትንሽ ሮንዴላ ያለው ብሎን ላሜራውን ቀዶ ከነዳዶው ይወጣል።

ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡበት ቦታ ይሄ ነው፦ ከወለሉ ሥር የሚገባ 8 በ8 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ የሆነ ብረት፣ ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ አንድ። አራት ብሎን፣ አራት ብረት፣ በንዝረት እንዳይፈታ ላስቲክ ያለው ዳዶ። መያዣውን በቀጭን አንግል ብትሠሩት እንኳ ይህን አትቀንሱ። ሰው አምሮ የተቀባ ወፍራም መያዣ ያሠራና በሁለት ትንንሽ ብሎን ያስረዋል፤ ይህን ስንት መኪና ላይ አይቻለሁ መሰላችሁ።

ካሶኒው ላይ አለመበየድ ሌላም ምክንያት አለው። እሳቱ የሥሩን ቀለም ያቃጥለዋል፣ ከላይ ብትቀቡትም ከሥር አታገኙትም፣ አንድ ክረምት ሲያልፍ ይበሳል። የነዳጅ ጋኑ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎቹ ደግሞ እዚያው ከወለሉ ሥር ናቸው። እዚያ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ አይፈለግም። በትራፓኖ ስትበሱም መጀመሪያ መኪናው ሥር ገብታችሁ በጣት እየጠቆማችሁ እዩ፣ ከዚያ ብሱ። የበሳችሁትን ጠርዝ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡት፣ እዚያው።

መያዣው ራሱ ሲሠራ የውስጥ ልኩን 36.5 በ18 ሴንቲ ሜትር አስደርጉት። ጎኖቹን በ5 ሚሊ ላስቲክ ስትለብጡት ጀሪካኑ ሳይወዛወዝም ሳይነክስም ይገባል። በጣም አጥብቃችሁ ካሠራችሁት ከቆላ ሽቅብ ስትመጡ ጎኑ ሲነፋ ከመያዣው አላወጣ ይላችኋል። የታችኛውን ወለል ድፍን ላሜራ አታድርጉት፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አግድም ይበቃዋል፣ ውኃም የፈሰሰ ነዳጅም አይቋትበትም። ብየዳው ለ3 ሚሊ ብረት በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ በደንብ ይይዛል። ጥሩ በያጅ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅበትም፣ ቀለሙ ሳይቆጠር። በጀሪካኑ ልክ ሊለኩ ስትሄዱ ደግሞ ነዳጅ ነክቶት የማያውቅ ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም የለካችሁትን በወረቀት። ነዳጅ የነበረበትን ብየዳ አጠገብ አታስቀምጡ።

የኋላ በርና ባምፐር ላይ

ፎቶ ላይ ያምራል። ካሶኒውን ነጻ ያደርጋል፣ ማውጣቱም ቀላል ነው። ለእኛ ከተማ ግን አልመክረውም። ሜክሲኮ ወይም ለገሃር መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት ቆማችሁ አስቡት። እንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ መኪና ከኋላ ሊነካ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ 20 ሊትር ነዳጅ እዚያው ሰቅላችኋል። የኋላ በሩ ማጠፊያም ለዚህ ክብደት አልተሠራም፣ ኮረኮንች ላይ ማላላት ይጀምራል፣ ጀሪካኑ እያለ በሩን ማውረድም ከባድ ነው። ታርጋና መብራት እንዳይከልል፣ ማርሚታው ከሚተነፍስበት ጎን እንዳይሆን እያላችሁ ስታስተካክሉ፣ ሥራው ከአንግሉ መያዣ እጥፍ ይሆናል። ጥቅሙ አልታየኝም።

ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው

ፖርቶ መጋላ ካላችሁ ወጪው ትንሽ ነው፣ ቺንጋ ብቻ ነው የሚጎድላችሁ። ግን 21 ኪሎ ከራሳችሁ በላይ አንስታችሁ ማስቀመጥ አለባችሁ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩትና ታያላችሁ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይመታዋል። ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ይበልጥ ይጋደማል፤ ወደ ጅማ ሲወርዱ የግቤ መንገድ ላይ ይሄን ትሰሙታላችሁ። ከፈሰሰ ደግሞ በመስታወቱና በበሩ ነው የሚወርደው። ባዶ ጀሪካን ለመጫን ጥሩ ቦታ ነው። ሙሉውን አታውጡት።

ተሠርቶ የሚሸጠው

ሶማሌ ተራ ባሉ የመኪና ዕቃ ሱቆች ከውጭ የመጣ፣ ቁልፍ ያለው፣ በቀለም የተጋገረ መያዣ አንዳንዴ ታገኛላችሁ። ጥራቱ ይለያያል። ጥሩው በጣም ጥሩ ነው፣ ጊዜ ለሌለው ሰው አልከለክልም። ስትገዙ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት። እንደ ቆርቆሮ ከተጣመመ መልሱት። ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ በር ላይ አስገብታችሁ ሞክሩ። አብሮት የሚመጣው ብሎንና ሮንዴላ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁን የ8 በ8 ብረት ለዚህም ትፈልጋላችሁ፣ ስለዚህ ገዛችሁትም አሠራችሁትም የገጠማው ወጪ አይቀርም።

የቱን ለማን

በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ የምትወጡ ከሆነ ጎማውና ቺንጋው። በየወሩ ክፍለ ሀገር የሚያስኬድ ሥራ ካላችሁ የአንግሉ መያዣ። መኪናው የመሥሪያ ቤት ወይም የኪራይ ሆኖ ወለሉን መብሳት የማይፈቀድላችሁ ከሆነ አሁንም ጎማው፣ ወይም የአንግሉን መያዣ ካሶኒው ስፋት ልክ በተቆረጠ ሰፊ ጣውላ ላይ አስራችሁ ጣውላውን በማሰሪያ ቀለበቶቹ መወጠር፤ እንደ ብሎኑ አይሆንም፣ ግን ይሠራል። ካሶኒው ላይ ዝግ ካኖፒ (ከላይ የሚገጠም ሽፋን) ያላችሁ ሰዎች በመያዣ አትጨነቁ፣ በነዳጁ ዓይነት ተጨነቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ዝግ ካኖፒ ውስጥ ቤንዚን አይገባም። ናፍጣ ይሻላል፣ ለመቀጣጠል ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። ጋቢና ውስጥ ግን ሁለቱም አይገቡም።

አገጣጠሙ

የአንግሉን መያዣ ከመረጣችሁ ቦታው ጋቢናው ጀርባ፣ ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው። የጀሪካኑ ሰፊው ጎን ወደ ግድግዳው ይዙር። ያኔ ፍሬን ስትይዙ ጀሪካኑ በሙሉ ፊቱ ግድግዳው ላይ ይደገፋል፣ ብሎኖቹ ብዙ ሥራ አይኖራቸውም። ግራ ወይስ ቀኝ ለሚለው ጎንበስ በሉና ማርሚታው በየት በኩል እንደሚያልፍ እዩ፤ ከእሱ በተቃራኒው። የነዳጅ ጋኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ከመብሳታችሁ በፊት ሁለቴ ለኩ።

ማሰሪያው በመሐለኛው እጀታ ሥር ያልፋል፣ በላዩ አይደለም። በላዩ ካለፈ ጀሪካኑ ሲዘል ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባለ መወጠሪያ የጭነት ቺንጋ ይሁን፣ ገመድ ይላላል፣ ካላማዳሪን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። ስርቆት የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ መርካቶ ወይ ፒያሳ መኪና የምታቆሙ ከሆነ ያሳስባችሁ፣ በቺንጋው ፈንታ ጠፍጣፋ ብረት በዚያው እጀታ ሥር አሳልፉ። አንዱ ጫፉ በብሎን ይታጠፍ፣ ሌላው ጓጉንቸር ይግባበት። የጓጉንቸሩን ቀዳዳ ወደታች አዙሩት፣ የክረምቱ ውኃ እንዳይገባው።

ጀሪካኑ ከመያዣው በቀላሉ መውጣት አለበት የምለው ለነዳጅ ቀዳጁ ምቾት ብዬ አይደለም። ጀሪካን መኪና ላይ እንዳለ፣ በተለይ ካሶኒው ፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ፣ ሲሞላ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣና አንዲት ፍንጣሪ ሊሰጥ ይችላል። አውርዳችሁ መሬት ላይ አቁሙ፣ የመቅጃው ብረት የጀሪካኑን አፍ እየነካ ይሙላ። እስከ አፉ አትሙሉት። ቤንዚን በ30 ዲግሪ ልዩነት 20 ሊትሩ ላይ ከግማሽ ሊትር በላይ ያብጣል፣ ስለዚህ አንድ ሊትር ቦታ ተዉለት።

ማደያ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር አለበት፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ጀሪካን ይዛችሁ ብትሰለፉ ሰዓታችሁን ነው የምትጨርሱት። መያዣውን ከማሠራታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ፤ ካልተፈቀደላችሁ 5 ኪሎ ብረት ለምንም። ተፈቅዶላችሁም ከሆነ ከተማ ውስጥ ባዶውን ያዙት፣ ጉዞ ስትወጡ ሙሉት። ሰው በተጨናነቀበት፣ ተሸካሚ ካሶኒያችሁን እየታከከ በሚያልፍበት ሰፈር ሙሉ ጀሪካን ይዞ ማደር ልክ አይደለም። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም በትልቁ "ናፍጣ" ወይም "ቤንዚን" ብላችሁ ጻፉ። መኪናችሁን ሌላ ሰው ሊነዳው ይችላል፣ ሌሊት መንገድ ላይ በስልክ መብራት የሚቀዳ ሰው በቀለሙ አይለይም።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ 13 ቁልፍ ጋቢና ውስጥ ይኑር። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ አንድ ጥግ ያዙና አራቱንም ብሎን ሞክሩ። ከብረቱ ሥር ያለው ቀለም ሲታመቅ አንዱ ሩብ ዙር፣ ሌላው ግማሽ ዙር ሊዞርላችሁ ይችላል። አጥብቁት፣ ቺንጋውንም አንድ ጥርስ ጨምሩለትና ቀጥሉ።